የተገለበጠ ድግር

በጥር መጨረሻ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ከቤርሼቫ ወጣሁ፣
አርባ አንድ ጡረተኛ አውቶቡሴ ላይ ጭኜ ወደ አራቫ ወረድሁ፤
"የዘንድሮው የገበሬ ትርኢት አዲስ ነው" የሚል ወረቀት ደርሶኝ አየሁ፦
ጥላ ተዘርግቷል፣ የመጠጥ ውሃ ገብቷል፣ ወንበር ተጨምሯል፣
መኪና ማቆሚያው ጠጠር ተደፍቶበት ቁጥር ተሰጥቶታል፣
መጸዳጃ ቤቱም (ይቅርታ አድርጉልኝ) በሩ ይቆለፋል።

አምና የመጣ ሰው ፀሐይዋን ያውቃታል፣ ምሕረት አልነበራት፤
እትዬ ብርቄ ጥቁር ጃንጥላዋን እንደ ሕፃን ታቅፋ፣ "ተያት እዚህ፣ ጥላ አለ" ብላት፣
"በሰው ጥላ አምኜ?" ብላ ጭራሽ አጠበቀቻት።

ደረስን። እንጆሪው ከጣሪያ ተሰቅሎ፣ ሥሩ አፈር ሳይነካ፣
ቁልቁል ያየናል ቀልቶ፤ አያ ክንዴ ከታች ሆኖ በከዘራው ሲለካ፣
"ይሄ ሰብል አይደለም፣ ሰብልማ አፈር ይፈልጋል" አለና
አራቱን ቀጥፎ በላ። አምስተኛውን ለኔ ሰጠና፣
"ይጣፍጣል" አለ። "ውሸት የሚያስፈራው ሲጣፍጥ ነው።"

ቲማቲም ለቃሚው ሮቦት አንዷን ፍሬ አይቶ አይቶ ያስባል፣
ቆይቶ ይቀጥፍና ያርፋል።
እትዬ ብርቄ ሰዓቷን እያየች ዳር ቆማ ጠበቀችው፤
"በቀን ነው በቁርጥ ነው የሚከፍሉት?" ብላ ባለቤቱን ጠየቀችው።
በአዲሱ የኤሌክትሪክ ጋሪ ዞርን፣ በነፃ ነው፤ ሹፌር ሹፌርን ያያል፣
ልጁ ኩርባውን አስፍቶ ሲዞር የኔ እግር ፍሬን ይፈልጋል።

ከሁሉም ወዲያ አንድ ነጭ ድንኳን፣ ዘንድሮ የተተከለ፣
"የእርሻ ትዝታ" የሚል ጽሑፍ፣ በሦስት ቋንቋ በሩ ላይ የተሰቀለ።
የኛም ፊደል አለበት! ከጣውላ ተቆርጦ፣ ተለጥፎ በሙጫ፤
"ር" ብቻ ተዘቅዝቃለች፣ እግሯ ወደ ላይ ነው፣ እንደ በቅሎ እርግጫ።
ውስጡ ሞፈር ከነቀንበሩ፣ መብራት በርቶላቸው፣ በገመድ ታጥረው፣
"አይነካም" ተብለው።

አያ ክንዴ ዝም አለ። ከዘራውን አቀበለኝ፣
ገመዱን ተሻግሮ ገባ፤ እኔን ላብ አጠመቀኝ።
"አባባ! አይነካም!" አለች ሮተም፣ አስጎብኚዋ፣ ባለአረንጓዴ ሸሚዟ።
እሱ ወይ ፍንክች።
"ድግሩ ተገልብጧል" አለ፣ ለማንም አይደለም፣ ለራሱ፣
"በዚህ ቢታረስማ አፈሩ ወደ ሰማይ ነው መፍሰሱ።"
ወገሉን አላቆ፣ ድግሩን አዙሮ፣ ሽብልቁን በተረከዙ መታ፣
ማረሻው አፍንጫውን ደፋ፣ የነቃ መሰለ ካንቀላፋበት ቦታ።
ወለሉ የፕላስቲክ ሣር ነው፤ የሚታረስ የለውም፤
እርፉን ይዞ ሁለት እርምጃ ገፋ። ሣሩ አልቻለውም፣
ተተረተረ።

ሮተም ስልኳን አወጣች፤ ዘበኛ ልትጠራ ነው ብዬ ስጠብቅ፣
ቀረጸችው። ከዚያ ተንበርክካ፣ ጣቷን እያሳረፈች፣ "ይሄስ? ይሄስ?" ብላ ስትጠይቅ፣
እኔ አስተርጓሚ ሆንሁ። ለ"ወገል" ዕብራይስጥ ከየት ላምጣ፣ የለኝም፤
እውነቱን ለመናገር፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ በአማርኛም አላውቀውም።
"አይነካም" የሚለውን ሰሌዳ ገልብጣ ጀርባው ላይ ጻፈች፣
እርፍ፣ ሞፈር፣ ወገል፣ ምራን፣ ድግር፣ በራሷ ፊደል እየጎተተች።
"ነገም ትመጣልኛለህ?" አለችው። "ነገ የዓይን ሐኪም አለብኝ" አለ።
"ከዚያ ወዲያስ?" "ከዚያ ወዲያ በሬ ፈልጊ" ብሎ ከዘራውን ተቀበለ።

ስንመለስ፣ ከሁሉ ምን እንደ ወደዱ በማጉያው ጠየቅኋቸው፤
"ወንበሩን!" አሉ ባንድ ድምፅ። "መደገፊያ አለው፣ እግዜር ይስጣቸው።"
አያ ክንዴ እንቅልፍ ወስዶታል፣ የፊቱን ወንበር እጀታ ጨብጦ፣
በየጠመዝማዛው ይጫነዋል፣ ክንዱ ብቻውን ከእንቅልፉ አምልጦ።
ዲሞና ስንደርስ እትዬ ብርቄ "ወይኔ ጃንጥላዬን!" ብላ ጮኸች፤
እዚያው ቀርታለች፣ ከዚያ ከሰው ጥላ ሥር፣ ምሰሶውን ተደግፋ እንደ ቆመች።
"ከርሞ" አልኋት፣ "ትጠብቅሻለች።"

እኔም የረሳሁት ነገር አለ፦
ያቺ "ር" አሁንም እግሯ ሰማይ ላይ ነው።